ግራው የአባባ፣ ቀኙ የአጎቴ

ኅዳር 5

ለሹፌሯ እህቴ፣

አባባ ሰላምታውን ሲያስጽፈኝ ግማሽ ገጽ ሄደ። ያንቺን ጤና፣ የመኪናዋን ጤና፣ የጎማዋን ንፋስ፣ አብራሽ የምትሠራውን ነርስ፣ የነርሷን ቤተሰብ ሳይቀር ጠየቀ። ከዚያ አጎቴ ከጀርባዬ መጥቶ ሌላ ግማሽ ገጽ አስጻፈኝ። ያው ራሱ ሰላምታ ነው፤ ግን ከአባባ ጋር አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ መግባት አልፈለገም። ሁለቱንም ቀድጄ ጣልኩና ይኸው ባጭሩ፦ ሁላችንም አለን፣ አንቺም ኑሪልን።

ታረቁ ወይ ላልሽው፣ አልታረቁም። ክሊኒኩ መኪናሽን አዘጋጁልን ብሎ ካመጣት ቀን ጀምሮ አፍና አፍ አልገጠሙም። እንደምታውቂው አባባ ማረጋጊያውን ዘንግ ሲቀጠቅጥ ያለ ምርጫ ነው ያሰበው። ዘንጉ ግራና ቀኝ ጎማን አያይዞ መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳትጋደም ይያዝ፤ በቃ፤ ብረት ሐሳቡን መቀያየር የለበትም ነው የሚለው። አጎቴ ደግሞ አባባ ምሳ ሄዶ ሳለ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ ሦስት ሦስት ቀዳዳ በስቶ ጠበቀው፣ እንደ መንገዱ እንዲጠብቅና እንዲላላ። ያን ቀን የበላውን ምሳ አባባ እስካሁን የፈጨው አይመስለኝም።

አሁን ጋራዡ የሚገባ መኪና ሁሉ ግራው የአባባ፣ ቀኙ የአጎቴ ነው። ሞተሩ መሀል ስለሆነ ለኔ ደርሶኛል። ሁለቱም ከአንድ መኪና ሥር ይጋደማሉ፤ አባባ እጁን ቢዘረጋ የአጎቴን አፍንጫ ይነካል። ግን «ሽቦ፣ አጎትሽን መፍቻውን ያቀብለኝ በይው» ይለኛል። እኔ ቡና ቤቱ በር ላይ ብሆንም ይጠራኛል። አጎቴም «ለጋሼ እጄ ላይ ነው በይው» ይላል። እናታችን ብትኖር በአንድ ቁጣ ትጨርሰው ነበር። እኔ ድልድይ ሆኛለሁ፣ ያውም ሁለቱም በጫማቸው የሚረግጡኝ።

መኪናዋ ኩርባ ላይ ትጋደማለች፣ ድንጋይ ላይ ደግሞ ትዘላለች፣ በየትኛው ቀዳዳ ልሰር ላልሽው፣ መልሱን ለየብቻ ተቀብዬልሻለሁ። አባባ፦ በውስጠኛው። ዘንጉ ይጠብቃል፣ መኪናዋም ቀጥ ትላለች። አጎቴ፦ በውጭኛው። ይላላል፣ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ድንጋያቸውን እንደልባቸው ይረግጣሉ። ሁለቱም የሌላውን መልስ ከኔ ሲሰሙ ሳቁ፤ የተለያየ ሳቅ ነው። የቱን እንደመረጥሽ ጻፊልኝ። እዚያ ኔትወርክ ባለመኖሩ ደግ ሆነ፣ በስልክ ቢሆን ሁለቱም ቀፎውን ሲጎትቱ ይሰብሩት ነበር።

ከደብዳቤሽ መጨረሻ ያለችውን «ደክሞኛል» ሳነብላቸው ዘለልኳት። እኔን ግን አሳስባኛለች። ምን ዓይነት ድካም ነው?

ታናሽሽ ሽቦ


ኅዳር 17

ለሽቦዬ፣

ደብዳቤሽን የጭነት መኪና ሹፌሩ ወርቅ ጥርስ ከጭነቱ መሀል፣ ከዘይት ጀሪካን ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። ግማሹ ዘይት ጠጥቷል፤ የቀረውን አንብቤ ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

የቱን መረጥሽ ላልሽኝ፣ እንዴት ልምረጥ? ያሳደገኝ አባባ ነው፤ መሪ ያስያዘኝ አጎቴ ነው። የአንዱን ሰምቼ የሌላውን ብተው፣ መኪናዋ ለጥገና ስትመለስ ያልሰማሁት ሰው ከሥሯ ገብቶ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ዓይኑን እንዴት አያለሁ? ስለዚህ ግራውን አባባ እንዳለው በውስጠኛው ቀዳዳ፣ ቀኙን አጎቴ እንዳለው በውጭኛው አሰርኩት። እነሱም በየወገናቸው ነው የሚሠሩት አላልሽም? ማንንም አላስቀየምኩም።

ትሄዳለች። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ቦይ ሲረግጡ ብቻ ወደ አንድ ጎን ጎንበስ ትላለች፣ ሰው እንደምትሳለም። ነርሷ በየቦዩ «እንደምን ዋልሽ» ትላታለች።

ድካሙን ጠይቀሽኛል። የጉልበት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ግራና ቀኝ ስንናጥ ውለን ስወርድ መሬቱም አብሮኝ ይናጣል። ማንኪያ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ነርሷ እንዳታይብኝ ሳህኑን ወደ ደረቴ አስጠጋለሁ። ጠዋት የክሊኒኩ ኃላፊ ቁልፉን ሲዘረጋልኝ የጫማዬን ማሰሪያ ደግሜ አስራለሁ። መተው እፈልጋለሁ፣ ሽቦ። ግን ሌላ ሹፌር የለም፤ ከወንዙ ማዶ ላሉት መንደሮች ክትባትና መድኃኒት የምታደርሰው ይህችው መኪና ናት። እኔ ከቆምኩ እሷም ትቆማለች።

ይህን ለአባባ አትንገሪው። ጎረቤታችን ፀጉር ቆራጩ ጋ ተቀምጦ በኔ እንዴት እንደሚኩራራ አውቃለሁ።

እህትሽ


ኅዳር 26

ለሹፌሯ እህቴ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። ይህን እንዳነበብሽ መፍቻ ይዘሽ ከመኪናዋ ሥር ግቢ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ አንድ ነገር ከነከነኝ። ስምሽን ሳልጠራ አባባን ጠየቅሁት፤ አንድ ሰው ግራውን በአንድ ቀዳዳ፣ ቀኙን በሌላ ቢያስር ምን ይሆናል አልኩት። እንዲህ ያለ ሞኝ ገና አልተወለደም አለኝ። ከቀኝ በኩል አጎቴ «ለጋሼ ልክ ነው በይው» አለ። ምሳው ከተበላ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ደስ ሊለኝ ሲል አንቺ ትዝ አልሽኝ።

አባባ ካለኝ እንደገባኝ፣ ሁለት ጎማ እኩል ሲነሳና እኩል ሲወርድ ዘንጉ ዝም ማለት አለበት። በተለያየ ቀዳዳ ከታሰረ ግን ያኔም ይጠመዘዛል። ሰላምታ ያልሽው እሱ ነው። ዳገት ለዳገት በጎን ስትሄዱ ማረጋጊያ መሆኑ ቀርቶ ገፍታሪ ይሆናል። የውስጠኛው ይሁን የውጭኛው፣ የፈለግሽው ይሁን፤ ሁለቱን አንድ አድርጊ። የሚቆጣ ካለ በኔ ይቆጣ።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ወርቅ ጥርስ ነው፤ የወርቅ ጥርስ መኪና ደግሞ እኛው ጋ ቆማለች። ግራዋ አልቋል። ቀኟ ገና ነው፤ አጎቴ የአባባን ሥራ ሳይመረምር አልጀምርም አለ፣ አባባም ማንም ሥራዬን አይመረምርም አለ። ወርቅ ጥርስ በር ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ለሚያልፈው ሁሉ እያሳየ ይጠብቃል። ሌላ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስትነሳ ይህ ደብዳቤ መጀመሪያ ይጫናል።

አደራ።

ሽቦ


ታኅሣሥ 6

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ወርቅ ጥርስ ስለጠፋ ካንቺ ምንም አልደረሰኝም፤ ይህንን ባገኘሁት መንገደኛ ልኬዋለሁ። የምትጽፍልኝ ነርሷ ናት፣ እጄን ሥራ ስለያዘው ነው።

የቀኝ ስፖኪዮ፣ የቀኝ በር መስታወትና የቀኝ በር እጀታ ፈልገሽ ላኪልኝ። የኋላውም በር እጀታ ከተገኘ ጥሩ ነው። አሮጌ ቢሆንም ግድ የለም። ለአባባና ለአጎቴ ምንም ማለት አያስፈልግም።

ሁላችንም ደህና ነን። በጣም ደህና ነን።

እህትሽ


ታኅሣሥ 13

ለእህቴ፣

የጠየቅሽው ዕቃ ከዚህ ደብዳቤና ቆሞ ከቀረው ከኅዳሩ ደብዳቤዬ ጋር፣ ያንቺን ባመጣው መንገደኛ እጅ ተልኳል። ለነርሷ ጽሕፈትሽ ያምራል በይልኝ፤ ውሸቱ ግን ያንቺው ነው፣ ባነበው አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ደህና ነን ያለ ሰው ደህና ነው። በጣም ደህና ነን ያለ ሰው የሆነ ነገር ተሰብሮበታል።

ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት። ስፖኪዮ ብቻውን ይሰበራል፤ ስፖኪዮና የበር መስታወት ሁለት እጀታ አስከትለው፣ ያውም ሁሉም ከአንድ ወገን ከሄዱ፣ መኪናዋ በቀኝ ጎኗ ተኝታ ነበር ማለት ነው። ያኔ ያ የእኔ ደብዳቤ የወርቅ ጥርስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀኝ ጎኑ እስኪያልቅለት ይጠብቅ ነበር። ሳስበው እንባዬም ሳቄም ይመጣል፤ ሁለቱንም እውጣለሁ።

ለሽማግሌዎቹ ፍየል ገጭታ ነው ብያቸዋለሁ። አባባ ፍየል ስፖኪዮ ጋ አትደርስም ብሎ አሰላ። አጎቴ ቆማ ከነበረችበት ድንጋይ ዘላ ይሆናል፣ ለጋሼ እንዲህ በይው አለኝ። ቀኑን ሙሉ በኔ በኩል ስለ ፍየሏ ቁመት ሲከራከሩ ዋሉ፤ አንዳቸውም ልጅቱስ አላሉም። እንዳይሉ ያደረግሁት ግን እኔው ነኝ፣ ስለዚህ አልፈርድም።

አሁን እውነቱን ጻፊ። በራስሽ እጅ። ካልቻልሽም ያልቻልሽበትን ምክንያት።

ሽቦ


ታኅሣሥ 22

ለሽቦዬ፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ቀኙ በጨርቅ ከአንገቴ ተንጠልጥሏል። የትከሻዬ አጥንት ነው፤ የወንበሩ ቀበቶ ያዘኝና ሰበረኝ። ነርሷ አሰረችልኝ። እሷ ከአንድ ጭረት በቀር ምንም አልሆነችም፤ መድኃኒቱ ግን ፈሰሰ።

ስለ አወዳደቁ ብዙ የሚጻፍ የለም። ከወንዙ ወጥተን በዳገቱ ጎን ስንሄድ ነው፤ ቀስ ብላ ተጋደመች። የመንደሩ ሰዎች ገመድ ይዘው መጥተው አነሷት። አንዲት ሴትዮ አቧራዬን እያራገፈች፣ ነገም ትመጫለሽ አይደል አለችኝ። ክትባቱ ያልደረሰው ልጅ አዝላ ነበር። እመጣለሁ አልኳት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቀዳዳዎቹን አንድ አድርጌያቸዋለሁ፣ በግራ እጄ፣ ነርሷ ብሎኑን ይዛልኝ። መኪናዋ አሁን አትጎነበስም። እኔ ግን አልተስተካከልኩም። ኃላፊው ትከሻሽ ሲድን ትቀጥያለሽ አለ፣ ክፋት የለውም፣ ሌላ ሰው ስለሌለው ነው። ትከሻዬ እንዳይድን እየተመኘሁ ራሴን ያዝኩት። እዚህ ድረስ ነው የደከመኝ። ለዚያች ሴትዮ እመጣለሁ ብያለሁ፣ መሄድ ግን አልችልም፤ ይኸው ነው።

ይህን አታንብቢላቸው። ካነበብሽላቸው አንዱ ባንዱ እያሳበበ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

እህትሽ


ጥር 1

ለእህቴ፣

አነበብኩላቸው። ተቆጪኝ፤ ግን መጀመሪያ ስሚኝ።

ሁለቱም ከአንድ ፒክአፕ ሥር ነበሩ። የሚታየኝ አራት ጫማ ብቻ ነው፣ ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ። ከመኪናው አፍንጫ ፊት ቆሜ ከኅዳሩ ደብዳቤሽ ጀመርኩ፤ ዘልዬው የነበረውን ሁሉ፣ የማንኪያውን፣ የሳህኑን፣ መተው እፈልጋለሁ ያልሽውን። ቀጥዬ የታኅሣሡን። ፊት ለፊታቸው ቢሆን ድምፄ ይከዳኝ ነበር፣ ለጫማ ማንበብ ይቀላል። መሀል ላይ መፍቻው መሬት ነካ። ጫማዎቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። ስጨርስ ማንም አልጠራኝም፣ ንገሪው የሚል ጠፋ።

ከዚያ የአባባ ድምፅ መጣ።

«አንተ የትኛውን ብለሃት ነበር?»

እኔ እንደለመደብኝ አፌን ከፍቼ ላቀብል ስል አጎቴ ቀደመኝ።

«የውጭኛውን፣ ጋሼ።»

«እኔ የውስጠኛውን።»

አጎቴ «ሁለታችንንም ሰማችን» አለ። እንደ ወቀሳ አይደለም፤ የሞተ ሰው ስም እንደሚጠራ ነው ያለው። ሁለቱም ከመኪናው ሥር በአንድ ወገን ወጡ፣ በግራ በኩል። አባባ ፊቱን የግራሶ ቅባት በነካው እጁ ጠረገውና ባሰበት። መተው እፈልጋለሁ ያለችው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ደክሞኛል ስትል ነበር አልኩት። ማታ ፀጉር ቆራጩ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ሲለው እጁን ብቻ አነሳለት።

ዛሬ ጠዋት በወርቅ ጥርስ መኪና ወዳንቺ ተነስተዋል። መኪናዋን በአንድ ቀን ጨረሷት፣ ያልተስማሙ ሰዎች ይህን ሁሉ ቀን ያቆሟትን። ሁለት የመፍቻ ሳጥን፣ ሁለት ክሪክ፣ ሁለት ባትሪ ጭነዋል፣ አብረው መያዝ ይቻል እንደነበር ማንም አላሰበም። ከሹፌሩ ጎን ባለው አንድ ወንበር ሁለቱ ተጣበው ተቀምጠዋል። ወርቅ ጥርስ ጥርሱን አልከፈተም፤ ለረጅም መንገድ መሀላቸው የሚቀመጥ ድልድይ እንደሌለው ገብቶታል።

ምን ሊሉሽ እንደሚመጡ አልነገሩኝም። የሚያውቁም አይመስለኝም።

ሽቦ


ጥር 13

ለሽቦ፣

የምጽፈው አጎትሽ ነኝ። አባትሽ ከጎኔ ነው፤ በደንብ ጻፍ እያለ ክርኔን ይነካዋል፣ ፊደሉ ቢጣመም በሱ ነው።

ደርሰናል። እህትሽን ስናያት ግማሽ ሆናለች። አባትሽ መንገድ ላይ ያሰበውን ንግግር ሁሉ ረሳው። መኪናዋን አስነሺልኝ ልያት አለና ቁልፉን እጇ ላይ አደረገ። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየ። እኔም አየሁ። አባትሽ ቁልፉን መልሶ ወሰደና «በቃሽ፣ ልጄ» አላት። እሷ ሴትዮዋ ትጠብቀኛለች አለች። እኛ እንሄዳለን አላት፣ እኔን ሳይጠይቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ኃላፊው አዲስ ሹፌር እስኪመጣለት አባትሽ ይነዳል፤ መንጃ ፈቃዱን ሁለት ጊዜ ገለባብጦ ካየ በኋላ ነው የፈቀደው። እኔ ከጎኑ ሆኜ ድንጋዩን አሳየዋለሁ። አያይም። ነርሷ ከኋላ ተቀምጣ ዝም በሉ ትለናለች፣ ሁለታችንም እንሰማታለን። ትናንት ወንዙን ተሻግረን ነበር። ሴትዮዋን አገኘናት፤ ልጇ ተከትቧል። ለምን ሽማግሌ ላኩ ብላለች፣ አባትሽ ይህን አትጻፍ ይላል።

የትኛው ቀዳዳ እንዳትዪን። ክርክሩ አላለቀም፣ አሁን በአፋችን ስለሆነ ያደክማል። ግራና ቀኙ ግን አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት እሱ ከአንዱ ወገን እኔ ከሌላው ገብተን ቀዳዳውን እንቆጥራለን፣ ከዚያ ቦታ ተለዋውጠን ደግመን እናያለን።

አባትሽ ለልጄ ንገራት የሚለው አለ፦ እህቷን ምንም እንዳትጠይቃት። እሷ በወርቅ ጥርስ መኪና ተነስታለች። ተቀበያት። ጋራዡን እንዳመቸሽ አድርጊ።

አጎትሽና አባትሽ


ጥር 22

ለአባባና ለአጎቴ፣ በአንድ ሰላምታ፣

ደርሳለች። ወርቅ ጥርስ ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ አስገባላት፤ መንገዱን ሁሉ ቀስ ብሎ ነድቶ ከኋላው ያሉት ሲሰድቡት እንደመጣ ነገረኝ። እንዳላችሁት ምንም አልጠየቅኋትም። ይህን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም፣ መንጋጋዬ ታመመ። ውሃ ጠጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ክፍል ውስጥ ገብታ በጎኗ ተኛች። ትናንት ከሰዓት ነው። እስካሁን አልተነሳችም። ሁለቴ ገብቼ ትንፋሿን አዳምጫለሁ፣ ደህና ናት፤ ጥልቅ እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ ጋራዡን ዘግቼዋለሁ። አትቆጡ። መዶሻውም፣ ብየዳውም፣ ኮምፕረሰሩም ከጆሮዋ አጠገብ ነው። ሥራ አለ ብለው የመጡትን ሁሉ በር ላይ ቆሜ መልሻለሁ።

ጠዋት አንድ ደንበኛ መጣ፣ ያ ሁልጊዜ ጥሩምባ እየነፋ የሚገባው ነጭ ሱሪ ለባሽ። ጥሩምባውን ሳይነካ ሮጬ መስኮቱ ላይ ደረስኩና ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። ምን ሆናችሁ አለኝ። እህቴ ተኝታለች አልኩት። ስንት ሰዓት ነው አለና ሰማዩን አየ። ከዚያ የኔን ፊት አየ። ሞተሩን አጠፋ። ነገ እመጣለሁ ብሎ ቁልፉን ሊያዞር እጁን ሰደደና መለሰው።

ወርዶ በሩን በዝግታ ገጠመ። እሱ በመስኮቱ በኩል መሪውን ይዞ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ፣ መኪናውን እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ገፋነው።

ሽቦ